ልጃችሁ በባዕድ ታጣቂ እጅ ከወደቀ፦ ከምያዋዲ እስከ ኮምቦልቻ ያየሁት

ታናሽ ወንድሜ ከምያንማር ከተመለሰ ወዲህ ስልኬ አረፍ ብሎ አያውቅም። የሚደውሉልኝ የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው። ከደሴ፣ ከሐይቅ፣ ከከሚሴ፣ አንዳንዴም ከአዲስ አበባ። ጥያቄያቸው ግን አንድ ነው። «ልጃችን ታጣቂዎች እጅ ነው አሉን። መንግሥታት እየተነጋገሩ ነው አሉን። እኛስ ምን እናድርግ?» ለእያንዳንዱ ሰው ከምመልስ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው የተቀመጥኩት። እኔ ዲፕሎማትም ጠበቃም አይደለሁም። ኮምቦልቻ ውስጥ የጽሕፈት መሣሪያና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለኝ። ምናልባት የጠቀመኝም እሱ ነው። ወረቀት አያስፈራኝም።

ታሪኩ የታወቀው ዓይነት ነው። ልጁ ተመረቀ፣ ሥራ አጣ፣ ቤት ተቀመጠ። ቴሌግራም ላይ «ታይላንድ፣ የኮምፒውተር ሥራ፣ ትኬት በኩባንያው» የሚል ማስታወቂያ አየ። ባንኮክ ሲደርስ መኪና ጠበቀው። ቀኑን ሙሉ ነዱት። ማታ ሞኢ የሚባል ወንዝ አሻገሩት። ከወንዙ ማዶ ታይላንድ አይደለም፤ ምያዋዲ ነው፣ ምያንማር። እዚያ ፓስፖርቱን ቀሙትና በሐሰት ስምና ፎቶ ሰው የማጭበርበር ሥራ ላይ አስቀመጡት። ልጆቹ «ስካም ሥራ» ይሉታል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በምያንማር ብቻ ቢያንስ 120,000 ሰው እንዲህ ባለ ሥራ ላይ በግዳጅ ሊኖር እንደሚችል ገምቷል።

በ2017 ጥር መጨረሻ ነገሩ ተገለባበጠ። ጥር 28 ቀን ታይላንድ ወደነዚያ የድንበር ከተሞች የምትልከውን መብራት፣ ነዳጅና ኢንተርኔት ቆረጠች። ከሳምንት በኋላ፣ የካቲት 5 ቀን፣ 260 ሰዎች ወንዙን ተሻግረው ለታይላንድ ጦር ተሰጡ። ከነሱ ውስጥ 138ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ሰፈራችን እልል አለ። ወንድሜ ግን ከነሱ ውስጥ አልነበረም። እሱ ከኋላ ከቀሩት ከሰባት ሺህ በላይ ሰዎች አንዱ ነበር። ካምፓኒው ለቀቀው፤ ታጣቂው ያዘው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ነው ዘርዘር አድርጌ የምነግራችሁ።

መጀመሪያ፣ ልጁን የያዘው ማን እንደሆነ በትክክል እወቁ። ብዙ ቤተሰብ «የምያንማር ወታደር ይዞታል» ብሎ ያመለክታል። በዚያን ጊዜ ምያዋዲ አካባቢ ሰዎቹን የያዙት ግን ካረን ከሚባለው የአካባቢው ብሔረሰብ የሆኑ ሁለት ታጣቂ ቡድኖች ነበሩ። አንደኛው የድንበር ጠባቂ ኃይል የሚባለው፣ በምህጻሩ ቢጂኤፍ ነው። ለዓመታት ከምያንማር ጦር ጋር የተያያዘ ነበር፤ በኋላ ስሙን የካረን ብሔራዊ ሠራዊት አለ። ሁለተኛው ዲኬቢኤ ነው። ሁለቱም የየራሳቸው ካምፕ፣ የየራሳቸው ዝርዝር፣ የየራሳቸው ማሻገሪያ ነበራቸው። ኬኬ ፓርክ የሚባለው ትልቁ ግቢ ያኔ በቢጂኤፍ ይዞታ ነበር። እነዚያ 260ዎቹ ግን በዲኬቢኤ በኩል፣ ታክ በሚባለው የታይላንድ ግዛት ፖፕ ፕራ ወረዳ ነው የተሻገሩት። ልጃችሁ አንደኛው ጋ ሆኖ እናንተ ስሙን በሌላኛው ዝርዝር ብትፈልጉት፣ አታገኙትም። «የለም» ሲሏችሁ ደግሞ ሞቷል ብላችሁ ትደነግጣላችሁ። የአንድ ጎረቤታችን እናት እንዲህ ሆነው አልጋ ላይ ወድቀዋል።

ሁለተኛ፣ ንግግሩ ስለምን እንደሆነ ይግባችሁ። ድርድር ሲባል ሁላችንም «ልቀቁልን» የሚል ልመና ነው የሚመስለን። እዚህ ግን ታጣቂዎቹ መልቀቁን አልጠሉትም። እንዲያውም ቸኩለው ነበር፤ ያን ሁሉ ሰው መቀለብ ከብዷቸዋል። ጭቅጭቁ ማን ይረከባል፣ በየት በኩል ይለፍ፣ ትኬቱን ማን ይቁረጥ የሚለው ላይ ነው። ታይላንድ በሯን ከፍታ ሰባት ሺህ ሰው ማስገባት አልፈለገችም። አቋሟ ግልጽ ነበር፦ አገሩ መጥቶ ዜጋዬ ነው ብሎ ወዲያው የሚወስደው ከሆነ ይሻገር፤ ካልሆነ እዚያው ይቆይ። ቻይና ከየካቲት 13 ጀምሮ ቻርተር አውሮፕላን ሜ ሶት የምትባለው የታይላንድ የድንበር ከተማ ድረስ እየላከች ዜጎቿን አንድ በአንድ ጫነች። እኛ ምያንማር ውስጥ ኤምባሲ የለንም። ጉዳዩን የያዙት ከሌላ አገር የሚመላለሱ ዲፕሎማቶቻችን ናቸው። እንግዲህ አስቡት። ሰባት ሺህ ሰው ተሰልፎ ቅድሚያውን የሚወስነው የአገር ኪስና የኤምባሲ ቅርበት ነው። ይሄ ዛሬም ያናድደኛል። ከማንም በላይ የተገረፈው ልጅ ሳይሆን፣ ከማንም በላይ ሀብታም የሆነው አገር ልጅ ነው ቀድሞ የወጣው።

ሕግ የለም ወይ ለምትሉኝ፣ አለ። የ1963ቱ የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት አንቀጽ 36 ባዕድ አገር የተያዘ ሰው ከጠየቀ ለቆንስላው እንዲነገርለት፣ ቆንስላውም ሄዶ እንዲጎበኘው ይላል። ያ ግን አገር ከአገር ጋር የገባው ውል ነው። ጫካ ውስጥ ካምፕ ያለው ታጣቂ ቡድን የፈረመው ነገር የለም። ዋና ከተማው የነበረው ወታደራዊ መንግሥት ደግሞ ያኔ አካባቢውን በእጁ አላደረገውም ነበር። ስለዚህ የኛ ሰዎች በተግባር የሚያነጋግሩት ታይላንድን ነበር። ታይላንድ ከታጣቂዎቹ ጋር በድንበር ጦሯ በኩል ትነጋገር ነበር። በመሀል ደግሞ ሜ ሶት ያሉ የእርዳታ ሰዎች ዝርዝር ያቀባብሉ ነበር። ለኤምባሲ ስትደውሉ «ገና ነው» የሚሏችሁ ሁልጊዜ ከስንፍና አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ዝርዝሩ።

አዲስ አበባ ሄጄ ጉዳዩን ከሚከታተሉት አንዱን አገኘሁ። ትሁት ሰው ነበር። የእናቴን ሁኔታ እየነገርኩት ሳለቅስ ጠበቀኝና «እህቴ፣ እኔም ልጅ አለኝ። ግን ለቅሶሽን ባንኮክ ልልከው አልችልም። የፓስፖርቱን ገጽ አምጪልኝ፣ እሱን እልካለሁ» አለኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ሥራዬን በዚያ መንገድ ያዝኩት። አንድ ሰው ድንበሩን የሚሻገረው ሦስት ወረቀቶች ላይ ያለው ስሙ ሲገጥም ነው፦ የታጣቂው ዝርዝር፣ የኤምባሲው ዝርዝር፣ የታይላንድ ዝርዝር። አንዱ ላይ ከተዛባ ልጁ ወንዙ ዳር ይቆማል።

ስማችን ደግሞ ለመዛባት የተሠራ ነው። ወሎ ውስጥ ሰይድ መሐመድ አሕመድ የሚባል ስንት ሰው አለ? መሐመድን በላቲን ፊደል አንዱ በኦ ይጽፈዋል፣ አንዱ በዩ፤ አንዱ ኤም ይደርባል፣ አንዱ ይተዋል። ፓስፖርቱ ላይ የአባትና የአያት ስም የሚቀመጥበት ቦታ ሌላ፣ እኛ በቃል የምንናገረው ቅደም ተከተል ሌላ። የልደት ቀን ጉድም አለ። ቤተሰብ ከልደት ካርዱ ላይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያለውን ይልካል፤ ፓስፖርቱ በፈረንጅ ነው። ሰባትና ስምንት ዓመት ልዩነት ያለው ሰው እንዴት አንድ ሰው ነው ብለው ይመኑ? የባሰው ግን ሌላ ነው። ካምፓኒው ግቢ ውስጥ ለልጆቹ የፈረንጅ ቅጽል ስም ያወጣላቸዋል። ታጣቂዎቹ ሲረከቧቸው አንዳንዶቹን የመዘገቧቸው በዚያ ስም ነው። ወንድሜ ለስንት ጊዜ «ጃክ» ሆኖ ተቀምጧል። ኤምባሲው ጃክ የሚባል ኢትዮጵያዊ አይፈልግም፤ ታጣቂውም ሌላ ስም አያውቅም።

ስለዚህ አንድ ገጽ አዘጋጀሁ። ሙሉ ስም በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው፣ ፊደሉ ሳይለወጥ። የፓስፖርት ቁጥር። የልደት ቀን በፈረንጅ። ግቢ ውስጥ የተጠራበት ስም። የነበረበት ግቢ፣ አሁን ያለበት ካምፕ፣ የያዘው ቡድን። ሕመም ካለበት ሕመሙ። የቅርብ ቤተሰብ ስልክ፣ አንድ ብቻ። ከሥር የፓስፖርቱ ፎቶና ፊቱ በደንብ የሚታይበት የቅርብ ጊዜ ፎቶ። ፓስፖርቱ የጠፋ ከሆነ አትደንግጡ፤ ኤምባሲ ሊሴ ፓሴ የሚባል በፓስፖርት ፋንታ የሚያገለግል የይለፍ ወረቀት ይሰጣል። ግን ሊሴ ፓሴ ለመስጠት ኢትዮጵያዊ መሆኑን ማረጋገጥ አለበት። ለዚህ የድሮ ፓስፖርት ኮፒ፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ ፋይዳ፣ ያገኛችሁትን ስጡ። ኮፒ ከሌላችሁ ቪዛ ያወጣለትን ወይም ትኬት የቆረጠለትን ሰው ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ቴሌግራሙ ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል።

ይህችን ገጽ ለማንም በነፃ አባዛሁ። ደሴ ፒያሳ አንድ ካፌ ውስጥ ቤተሰቦች እየተሰበሰብን እንሞላለን። አንድ የደሴ መምህር ሁሉንም ወደ አንድ ሠንጠረዥ ያስገባል። በየቤታችን ለየብቻ ከመጮህ አንድ የተጣራ ዝርዝር ይዞ መቅረብ እንዴት እንደሚያስከብር ያኔ አየሁ። ስልክ የማያነሱ ሰዎች እንኳ መልሰው ይደውሉ ጀመር። «ተራ ቁጥር 14 ላይ ያለው ልጅ ስሙ እንዴት ነው የሚጻፈው?» ብለው ይጠይቃሉ። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ልጁ ከወሬ ወጥቶ ሰው ሆኗል ማለት ነው።

ስለ ወሬ ካነሳን፣ የቤተሰቦች የቴሌግራም ግሩፕ መድኃኒትም መርዝም ነው። ማታ «አውሮፕላን ተነሳ» ይባላል፣ ጠዋት «ካምፑ ተቃጠለ»። እኛ አንድ ደንብ አወጣን፦ ማን አየው? መቼ? በማን ስልክ? ይህን ያልመለሰ መልእክት ይጠፋል። መጋቢት 19 ምያንማር ውስጥ ያ ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስ ይሄ ደንብ አድኖናል። እናቶች ጡታቸውን ይዘው ሲጮኹ መምህሩ ካርታ አውጥቶ ማዕከሉ ማንዳላይ በሚባለው ከተማ አካባቢ እንደሆነ፣ ምያዋዲ ደግሞ ከዚያ በጣም ሩቅ በታይላንድ ድንበር እንዳለች አሳየ። «አብሽሩ» አላቸው። ጾም ላይ ነበርን፤ ረመዳኑም ሁዳዴውም ገጥመዋል። አንዷ ዱዓ ትይዛለች፣ ሌላዋ እመብርሃንን ትጠራለች፣ ፎርሙ መሀል ላይ።

ልጁ ሲደውል ምን እንደምትጠይቁ ቀድማችሁ ጻፉት። ስልኩ የጋራ ነው፣ ደቂቃው አጭር ነው፣ ዘበኛው አጠገቡ ነው። «ለምን ሄድክ?» የዚያን ጊዜ ጥያቄ አይደለም። የት ነህ? የያዛችሁ ማን ነው? በምን ስም ተመዘገብክ? ፓስፖርትህ ማን ጋ ነው? ስንት የኛ ልጆች አብረውህ አሉ? የታመመ አለ? ይኸው ነው። እናቴ ግን ምንም ብንላት የመጀመሪያ ጥያቄዋ «በልተሃል ወይ?» ነበር። እሱንም ተውናት። የሰዓቱን ልዩነትም አትርሱ፤ ምያንማር በሦስት ሰዓት ተኩል ትቀድመናለች። ከኛ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ብትደውሉ እዚያ እኩለ ሌሊት አልፏል፤ ስልኩ የሚነጠቀውም በዚህ ምክንያት ነው።

ጨርሶ ድምፁ ለጠፋባችሁ፣ ደሴ ያለውን የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ቅርንጫፍ ሂዱ። የተጠፋፉ ቤተሰቦችን የማገናኘት አገልግሎት አላቸው። በነፃ ነው። አያስፈቱም፣ አይደራደሩም፤ ሰው ይፈልጋሉ፣ መልእክት ያደርሳሉ። በየመን በኩል ሄደው ለጠፉት ልጆች ቤተሰብም ይህንኑ ነው የምለው። በኛ በኩል ከምያንማር ይልቅ የየመኑ ነው የሚበዛው።

አሁን ገንዘብ። ልጁ ካምፓኒው እጅ እያለ ለማስለቀቂያ በሺህ የሚቆጠር ዶላር የከፈሉ ቤተሰቦች አሉ። ቤት የሸጡ አሉ። በነሱ አልፈርድም፤ የልጁን ጩኸት በስልክ እያሰሙት «አልከፍልም» የሚል ወላጅ አላውቅም። ታጣቂዎቹ እጅ ከገባ በኋላ ግን «ስሙን ከፊት አስገባለሁ» ብሎ ለሚደውል ሰው አምስት ሳንቲም አትስጡ። ወደኛም ተደውሏል። በሐዋላ ላኩ፣ ኤምባሲ ውስጥ ሰው አለኝ፣ ነገ ይሻገራል። እኔ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት። «ግቢ ውስጥ ማን እያሉ ነው የሚጠሩት?» ስልኩን ዘጋው። እንደዚህ ያለች እናንተና ልጁ ብቻ የምታውቋትን አንዲት ጥያቄ በኪሳችሁ ያዙ።

ቲክቶክ ላይ ወጥተው ያለቀሱ ቤተሰቦችንም አይቻለሁ። ነገሩ ዜና መሆኑ ጠቅሟል፣ አልክድም። መገናኛ ብዙኃን ባይጮኹ ማን ያስታውሳቸው ነበር? ግን የልጁን ፊት፣ ሙሉ ስምና ያለበትን ካምፕ አብሮ መለጠፍ ሌላ ነገር ነው። ያሰሩት ሰዎችም ስልክ አላቸው። እኛ እንደ ቡድን ተናገርን፣ ቁጥር ተናገርን፣ የማንንም ፊት አላወጣንም።

ወንድሜ የተሻገረበት ቀን ራሱ ብዙ ወሬ የለውም። በጭነት መኪና ወደ ወንዙ አመጧቸው፣ ስም ተጠራ፣ የታይላንድ ወታደሮች ተረከቡ፣ አሻራና ፎቶ ተነሱ፣ ሐኪም አያቸው። ከዚያ አንድ በአንድ ጥያቄ። ይህን ክፍል ቤተሰብ ችላ ይለዋል፣ አትበሉት። የታይላንድ መርማሪዎች ሰውየው በሰው ንግድ የተጎዳ ነው ወይስ ወዶ የገባ አጭበርባሪ የሚለውን የሚለዩት እዚያ ነው። «ምንም አልሠራሁም በል» ብለው ልጆቻቸውን የሚመክሩ አሉ። ሁሉም ምን ሲሠሩ እንደነበር ይታወቃል። እንዴት እንደተመለመለ፣ ፓስፖርቱን ማን እንደወሰደ፣ የታዘዘውን ያህል ሳያመጣ ሲቀር ምን እንዳደረጉት፣ የሆነውን እንዳለ ይናገር። ያኛው ሐሰት ተይዞ የቀረውን እውነት ይዞበት ይጠፋል። ከጥያቄው በኋላ ባንኮክ፣ ከባንኮክ ቦሌ።

ቤት ከገባ በኋላ ያለውን ሌላ ጊዜ እጽፈዋለሁ፤ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ሌሊት ብርግግ እያለ ይነሳል፣ ስልክ ሲጮህ ይደነግጣል፣ የተበደረው ገንዘብ ይጠበቃል። ሰፈርተኛው «እንኳን ደህና መጣህ» ብሎ ሳይጨርስ «እዚያ ስንት ትሠራ ነበር?» ይለዋል። እባካችሁ ለጊዜው ተዉት።

አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ አድርጉ፣ ልጁ ተመለሰም አልተመለሰም። ማስታወቂያውን፣ ከደላላው ጋር የተጻጻፋችሁትን፣ የባንክና የሐዋላ ደረሰኙን፣ የትኬቱን ኮፒ አታጥፉ። ስልክ ስትቀይሩ ቴሌግራሙ አብሮ እንዳይጠፋ ስክሪንሹት አንሱና አትሙት። አዋጅ ቁጥር 1178/2012 የሰው ንግድን ከባድ ወንጀል አድርጎታል፤ ፖሊስ ግን ክስ የሚያቆመው በማስረጃ ነው። እኛ ማመልከቻ ስናስገባ መጀመሪያ የተጠየቅነው እነዚህን ነበር። ወንድሜን የላከው ሰው አካውንቱን ዘግቶ ጠፍቷል፤ የገንዘብ ዝውውሩ ደረሰኝ ላይ ያለው ስምና ቁጥር ግን መዝገቡ ውስጥ ተያይዟል። ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ ኮፒውን እኔ ጋ አምጡት፤ አላስከፍላችሁም።